ለሦስተኛው ፊዚክስ አንድ ወንበር

«እንዳሰብክ።» ጆቬሊን ያለችው ይህችን ብቻ ነው፤ አንዲት ቃል፣ እሷም በሁለት ማንኪያ ሩዝ መካከል ያመለጠች። አንዲት ቃል ውሸት አትሆንም። ረንዴል ቢፈልግ ለምን እንዲህ አልሽ ብሎ ሊጠይቃት ይችል ነበር፣ የኮሌጁ አማካሪ ዘንድ ሊሄድ ይችል ነበር፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ነው፣ አፍም እግርም አለው፤ እግር ስትል ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አላት፣ እሱን ለጊዜው ገፋ አደረገችውና ወደ ግድግዳው ዞረች። ቀን ነው። የሌሊት ተረኛ ሰው ሌሊቱ ቀን ላይ ነው የሚውለው፤ መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍና ጠርዙን በሚስማር መትታዋለች፣ አንዱ ሚስማር ከወለቀ ወዲህ ግን በዚያች ቀዳዳ የሄይዋርድ ፀሐይ እንደ ጣት ገብታ ጉልበቷ ላይ ታርፋለች፣ ቀስ እያለችም ወደ ሆዷ ትወጣለች፣ ፊቷ ላይ ስትደርስ የእንቅልፍ ጊዜ ማለቁ ነው። አሁን ጭኗ ላይ ደርሳለች። ከበሩ ማዶ ረንዴል የደረቀ ዓሣ እየጠበሰ ያንጎራጉራል። የሚያንጎራጉር ሰው ልቡ ንጹሕ ነው፣ ወይም ቆሻሻው አይታየውም፣ ስትል አሰበች፤ የሷ ልብ በዚህ ሳምንት አንድም ዜማ አላወጣም።

ረንዴል የአጎቷ ልጅ ነው። ከአገራቸው ከኢሎኢሎ አባቱ አስመጣው፣ አባቱ ደግሞ አዲስ ሚስት ስላለው ልጁ አንድ ሻንጣ ይዞ እሷ ሳሎን ሶፋ ላይ አረፈ፣ እስካሁንም እዚያው ነው። ማናንግ ይላታል፣ እትዬ እንደማለት፤ ደግ በሆነ ድምፅ ነው የሚላት፣ ይህም ያናድዳታል። እሑድ ዕለት ሩዝ እየበሉ ሳለ፣ ማናንግ፣ ሦስተኛውን ፊዚክስ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ካለው ኮሌጅ ብወስደውስ፣ ማታ ማታ ነው የሚሰጠው፣ ከአየር ማረፊያው ሻንጣ መጫኛ ወጥቼ በአሥር ደቂቃ እደርሳለሁ፣ አላት። እሷም እንዳሰብክ አለችው። ከዚያ ተነሥታ ሳህኗን አጠበች። በውኃው ድምፅ ውስጥ ሌላ ቃል ጠበቀች፣ ከራሷ አፍ እንዲወጣ፣ አልወጣም።

ሊወጣ ይገባው የነበረውን ቃል ግን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። በዚህ ምድር ላይ ያንን ነገር እንደሷ የሚያውቅ ያለ አይመስላትም። ኮረብታው ላይ ያለው የነሱ ኮሌጅ በመጀመሪያው ፊዚክስ እንቅስቃሴን፣ በሁለተኛው ሙቀትና ሞገድን፣ በሦስተኛው ኤሌክትሪክን ያስተምራል። ማዶ ያለው ኮሌጅ ኤሌክትሪኩን በሁለተኛው ጨርሶ ሙቀትና ሞገዱን ለሦስተኛው ያቆየዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱንም ዩኒቨርሲቲው ይቀበላል፣ ከአንድ ቤት ተጀምሮ እዚያው ቤት እስካለቀ ድረስ። ሁለቱን እዚህ ተምሮ ሦስተኛውን ለመማር ድልድዩን የተሻገረ ሰው ግን ሙቀትን ሁለት ጊዜ ይማራል፣ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አያይም፣ የዩኒቨርሲቲው ባዮኢንጂነሪንግ ክፍልም ያንን ሰው ከበር ይመልሰዋል። ጆቬሊን ባለፈው ዓመት ድልድዩን ተሻግራለች። የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ተረኛ ቀይሮባት፣ ማታ ያለው ኮሌጅ ማዶ ያለው ብቻ ሆኖባት፣ ማንንም ሳትጠይቅ ተመዘገበች፣ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። አንደኛ መውጣቷ ምንም አይገርምም፣ ትምህርቱን ለሁለተኛ ጊዜ ነበር የምትማረው፤ ያኔ ግን ጎበዝ የሆነች መስሏት ነበር። በሄይዋርድ ከተማ ሙቀትን እንደ ጆቬሊን የሚያውቅ የለም። አንድ ዓመት ነው ያቃጠላት። ለእናቷ ለናናይም ለረንዴልም ሥራ በዝቶብኝ ነው አለቻቸው፤ ሥራ የበዛበት ሰው ይታዘንለታል፣ የተሳሳተ ሰው ግን ይተረትበታል።

እና እንዴት ትንገረው። መንገዱን የጠረገችው እሷ ሆና። ኮሌጁን ስትጀምር ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ከዚህ ዓይነቱ ኮሌጅ ተነሥቶ ባዮኢንጂነሪንግ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ቀጭን መንገድ ብቻ እንደሆነ፣ ካልኩለሱ ፊዚክሱን እንደሚከፍተው፣ ኬሚስትሪው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪውን እንደሚከፍተው፣ ኦርጋኒኩ ደግሞ በመጸው ብቻ እንደሚሰጥ፣ ያ በር ካመለጠ ዓመት ደጅ መጥናት እንደሆነ የነገራት አልነበረም። አማካሪዋ ፊቷን አይታ፣ ከየት እንደመጣች ጠይቃ፣ «አሃ፣ ነርስ ልትሆኚ ነዋ!» ብላ የሕፃናት አስተዳደግ ውስጥ አስገባቻት። ከዚያ የሸክላ ሥራ ወሰደች፣ ጥበብ ያስፈልጋል ስላሏት፤ የሠራችው ማሰሮ እስከ ዛሬ ሳሙና ይቀመጥበታል። ከዚያ የማያስፈልጋትን ስታቲስቲክስ፣ ከዚያ የሚያስፈልጋትን ስታቲስቲክስ። ረንዴል ሲመጣ ይህን ሁሉ ያውቅ የነበረ ይመስል ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ማናንግ ምን ልውሰድ አላት፣ እሷም ነገረችው፣ ይህን በመጸው፣ ያን በጸደይ፣ ይህን እንዳትነካ፣ ከዚያኛው መምህር ሽሽ። ያን ጊዜ ደስ ብሏት ነበር ማለት ይከብዳል፤ ትልቅ ሰው የሆነች መስሏት ነበር ማለት ይሻላል። ልጁ የስድስት ዓመቷን መንገድ በሁለት ዓመት ተኩል ሄደው፣ እሷ በወደቀችበት ጉድጓድ ሁሉ ላይ ሳንቃ ተነጥፎለት። ባለፈው ኅዳር ለአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ለአንድ ትምህርት ክፍል፣ ሁለቱም በአንድ ሳምንት አመለከቱ። ሁለቱም ሦስተኛውን ፊዚክስ እስከ ሰኔ መጨረስ አለባቸው፤ ያልጨረሰ ሌላ ዓመት ይጠብቃል። እሷ ሌላ ዓመት መጠበቅ አትችልም፣ ማለት ትችላለች፣ ግን ከዚያ በኋላ የሚገኘው ሰው እሷ አይሆንም።

ምዝገባውም አለ። በዚህ አገር የኮሌጅ ሥርዓት ብዙ የተማረ ሰው ወደ ኋላ ይሰለፋል፤ ክሬዲቱ ከተወሰነው በላይ የተከመረበት ተማሪ፣ እስካሁን ምን ትሠራ ነበር በሚል ዓይነት፣ የምዝገባ ቀኑ ከሁሉም በኋላ ይሆናል። ማሰሮው እንኳ ተቆጥሮባታል። ረንዴል በመጀመሪያው ቀን ቁርሱን እየበላ በስልኩ ተመዘገበ፣ የመጨረሻዋን ወንበር ያዘ፤ የላቦራቶሪው ጠረጴዛ ከተወሰነ ሰው በላይ አይይዝም። እሷ የሷ ቀን ሲደርስ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ገባች፣ አንደኛ ተጠባባቂ፣ ብቸኛም ተጠባባቂ፣ እዚያ ኮርስ ድረስ የሚዘልቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ከግልጽም በላይ ነው፤ ረንዴል ድልድዩን ከተሻገረ ወንበሩ የሷ ነው። እንዳሰብክ። ፀሐይዋ ዳሌዋ ላይ ደርሳለች።

ለዚህ ብቻ ብትቀናበት ኖሮ ለመታገሥ ባልከበዳት ነበር። የአባቷን እግር ወሰደባት እንጂ። አባቷ የጂፕኒ ታክሲ ነጂ ነበር፣ ስኳር በሽታ ቀኝ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ወሰደው፣ ከዚያ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የፕላስቲክ እግር ሰጠው፣ ጥሩ እግር፣ ለካልሲና ለቆዳ ጫማ የተሠራ። አባቷ ግን ዕድሜ ልኩን ነጠላ ጫማ እንጂ ሌላ አድርጎ አያውቅም፤ በኢሎኢሎ ዝናብ ውስጥ ሌላ የሚያደርግ ማን አለ። የፕላስቲኩ እግር አውራ ጣት ከጎረቤቱ ጋር የተጣበቀ ነው፣ የነጠላ ጫማው ማሰሪያ የሚገባበት ክፍተት የለውም። በጎማ ያስሩለታል፣ ጎማው ይበጠሳል፣ ጫማው ጭቃ ውስጥ ይቀራል፣ እሱ ሁለት ርምጃ ከሄደ በኋላ ነው የሚያውቀው። ጆቬሊን ነጠላ ጫማ የሚይዝ እግር ልትሠራ ነው እዚህ አገር የተማረችው፤ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፣ ሲናገሩት ትንሽ ነገር ይመስላል። ረንዴል ተናገረው። ለዩኒቨርሲቲው በሚጻፈው የሕይወት ታሪክ ላይ፣ የአጎቴ እግር ብሎ ጻፈው፣ ጎማውን ጠዋት ጠዋት የማስርለት እኔ ነበርኩ ብሎ፣ ከዚያም ሰዋስውን እዪልኝ ብሎ ለሷ ሰጣት። አነበበችው። ጥሩ ነበር። ሦስት ነጠላ ሰረዝ አረመችለትና መለሰችለት፣ የራሷንም ደምስሳ ስለ አረጋውያን ቤት አዲስ ጻፈች፤ አሁን እሱን የሚያነብ ሰው ይኖራል ብላ አታምንም። ሌባ ብላ ብትጮህ ማን ይፈርድላታል፤ ጎማውን ያሰረው በርግጥ እሱ ነው። እሷ እዚህ ነበረች። አባቷ ሲሞትም እዚህ ነበረች፤ ወረቀቷ አላለቀም ነበር፣ ይህ እውነት ነው፣ በዚያ ሳምንት የካልኩለስ ፈተና ነበረባት፣ ይህም እውነት ነው፣ የቱ እውነት እንዳስቀራት ግን እስከ ዛሬ አጣርታ አታውቅም። ያኔ ቀብሩን በስልክ ታያለች፣ ስልኩን የያዘው ረንዴል ነው፣ ሣጥኑ ሲወርድ ሳያውቀው ካሜራው ወደ ራሱ ይዞራል፣ ስክሪኑን በሙሉ የዚያ ልጅ የሚያለቅስ ፊት ይሞላዋል፣ እሷም ከዚህ ከብርድ ልብሱ ሥር በዚያ እንባ ትቀናለች። የሷ እንባ አልመጣም ነበር። ምናልባት የሱ ቀድሞ ወስዶት ይሆናል።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ከኮሌጁ ነው፤ ቦታ ስለተለቀቀ ከተጠባባቂነት ወደ ተመዝጋቢነት ተዘዋውረሻል፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰረዘው ማለት ነው። ከበሩ ማዶ ዓሣ የሚያገላብጠው ልጅ፣ አሁን፣ በዚያ ዘይት በነካው ጣቱ ሰረዘው። ጆቬሊን ጣሪያውን እያየች ሳቀች፣ ድምፅ የሌለው ሳቅ፣ ጥርሷ ብቻ በጨለማው ውስጥ። አላስገደደችውም። አልዋሸችውም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በመስከረም እሷ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ እሱ ደግሞ ሙቀትን ለሁለተኛ ጊዜ እየተማረ ከክፍሉ አንደኛ ሊወጣ ነው፣ ጎበዝ የሆነ መስሎት። ይህን ስታስብ አካሏ ሁሉ ላላ፣ ዓይኗ ከበደ፣ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የአልጋዋ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ተኝተሽ ነበር?» አለች እናቷ። ከኋላዋ ገበያው ይሰማል፣ የድስት ክዳን፣ የሞተር ብስክሌት፣ አንድ ሰው ስለ ጉበት ዋጋ ሲጨቃጨቅ። ናናይ ከንጋት በፊት ነው የኑድል ሾርባዋን የምትጥደው።

«አልተኛሁም፣ ናናይ።»

«ድምፅሽ የተኛ ሰው ድምፅ ነው።»

«እዚህ እኩለ ቀን ነው።»

«ታዲያ በእኩለ ቀን ምን ያስተኛሻል?» ስምንት ዓመት ሙሉ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ትጠይቃታለች። «ስሚ፣ ረንዴል አሁን ደውሎልኝ ነበር፣ አጥንቱን ስጥድ። ለማናንግ ወንበሬን ተውኩላት አለኝ። የምን ወንበር ነው? እዚያ ቤት ወንበር የላችሁም እንዴ?»

ጆቬሊን ተነሥታ ተቀመጠች። «የትምህርት ቤት ነው። ምን አለሽ?»

«እሷ ከእኔ በፊት ነው ለዚህ ነገር የተነሣችው አለኝ። እሷ ደጅ ቆማ እኔ ገብቼ ስቀመጥ ያሳፍረኛል፣ ሌላም ቦታ ተመሳሳዩን አገኘሁ፣ እንዳትነግሪያት አለኝ። እኔ ደግሞ ነገርኩሽ። አየሽ የዚህን ልጅ ልብ? አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ይሄንኑ ነበር የሚለው፣ ይህ ልጅ ከአፉ አውጥቶ ይሰጣል ይል ነበር።»

«አባቴ እንደዚያ አለ?»

«ስንቴ! አሁን አመስግኚው እሺ? እንደ ልማድሽ ጥርስሽን ነክሰሽ ዝም እንዳትዪ። አንተ ሰውዬ ጉበቱን አትንካው! ልጄ፣ ልዝጋው፣ ሰው መጣብኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ጆቬሊን በብርድ ልብሱ ጨለማ ውስጥ ቁጭ እንዳለች ቀረች። ያሳፍረኛል። ያሳፍረዋል አሉ። ስለዚህ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው፣ በእያንዳንዱ የገና ምሽት ይህ ነገር ይወራል፤ ወንበሩን ለማናንጉ የለቀቀው ልጅ። ናናይ ሾርባ እየቀዳች ለማያውቃት ሰው ሁሉ ታወራዋለች። ይህ እንኳ ይቻል ነበር። የማይቻለው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ልጁ ዓመቱን ያጣል፣ ለሷ ሲል ያጣል፣ ሲያጣም አያማርርም፣ ያንን ደግ ድምፁን ይዞ ምንም አይደል ማናንግ ይላታል፣ እሷም በሱ ወንበር ተምራ፣ በሱ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ከዚያ በኋላ በሕይወቷ ሙሉ ልትቀናበት አትችልም። በዚህ ሁሉ ዓመት የያዛት፣ ከአልጋ የሚያስነሣት፣ ካልኩለስ ያስጨረሳት ነገር ከቅናት ሌላ ምን ሆነና ነው፤ በሌላ በሌላው ሰው ስትቀና ነው የኖረችው፣ መጨረሻ ላይ በሱ። በተበደለ ሰው አይቀናም። ይህ ልጅ እግሩን ወስዶባታል፣ እንባዋን ወስዶባታል፣ አሁን ደግሞ ቅናቷን ሊወስድባት ነው። አይወስድባትም! በባዶ እግሯ ወለሉን ነክታ በሩን ከፈተችው፣ የወጥ ቤቱ ብርሃን ዓይኗን መታት።

«ማናንግ! ቀሰቀስኩሽ?» አለ ረንዴል፣ መጥበሻውን እንደያዘ። «ዓሣው ነው አይደል የሸተተሽ? መስኮት ከፍቻለሁ እኮ።»

«ወንበሩን ለምን ለቀቅከው?»

«አክስቴ ነገረችሽ? ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጣት!» ሳቀ። «ኬክ ገዝቼ ነበር ልነግርሽ ያሰብኩት።»

ኬክ። ኬክም ነበረበት። «አይቆጠርልህም» አለችው።

«ምኑ?»

«ማዶ ያለው። የነሱ ሦስተኛ የእኛ ሁለተኛ ነው። ኤሌክትሪኩን ቀድመው ጨርሰውታል። ያንኑ ሙቀት ደግመህ ተምረህ ትወጣለህ፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ኤሌክትሪክህ የታለ ይልሃል።»

«ማን አለሽ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ ነኝ የተማርኩት። ባለፈው ዓመት ሥራ በዛብኝ ያልኳችሁ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።»

ረንዴል እሳቱን ቀነሰ። ከዚያ አጠፋው። ጀርባውን እንደሰጣት፣ «እሑድ ዕለት ስጠይቅሽ ይህን ታውቂ ነበር?» አላት።

አሁን ነው ያወቅሁት ልትል ትችላለች። ውሸቷ ተዘጋጅታ ምላሷ ላይ ተቀምጣለች፣ ንጹሕ፣ አጭር። «አውቅ ነበር» አለች።

«እና እንዳሰብክ አልሽኝ።»

«እንዳሰብክ አልኩህ።»

«እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው የ…»

«ለማን ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ላመሰግንህ አልመጣሁም። ስልክህን አውጣ። ተጠባባቂ ዝርዝሩ ዛሬ ነው የሚዘጋው፣ ግባበት፣ ማንም የለበትም። የማዶውን ሰርዘው። ስትገባ ንገረኝ፣ እኔ የኔን እሰርዛለሁ፣ ወዲያው ላንተ ያልፋል።»

«አንቺስ?»

«ግድግዳ አለ። ሰኞ እዚያ ቆሜ የቀረ ሰው ወንበር እጠብቃለሁ።»

ረንዴል ዞሮ አያት። ደግ ድምፁ ጠፍቷል፤ ፊቱ የአባቱን ፊት መሰለ። «ይህን ሁሉ ቀን ሩዝ አብረሽኝ ትበያለሽ፣ ዓይን ዓይኔን ታያለሽ» አለ። «አንቺ ማነሽ?» መልስ አልጠበቀም። ስልኩን አወጣ፣ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ነካካ። «ገብቻለሁ» አለ፣ ለግድግዳው እንደሚናገር። እሷም የሷን ከፈተች። ይህንን ኮርስ ለመሰረዝ እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላታል ኮሌጁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ኮሌጁ ስለ ስሜቷ የጠየቃት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ነካችው። ትንሽ ቆይቶ የሱ ስልክ ተንቀጠቀጠ። አላመሰገናትም፣ እሷም ከጠበቀችው በላይ ቅር አላት። የሥራ ልብሱን ለበሰ፣ ዓሣውን ሳይበላ ወጣ፣ በሩን በቀስታ ዘጋው። በኃይል ቢያላትመው ይሻላት ነበር።

ቅዳሜና እሑድን አልተነጋገሩም። ይሁን እንጂ ከሥራ ስትመለስ ሩዟ በሳህን ተሸፍኖ ይጠብቃታል፤ ተቆጥቶ እንኳ ሰው የሚያበላ ነው። እሷ ስትቆጣ ማሰሮ ነው የምትሰብረው፣ ከሠራቻቸው ሁለት አንዱን ሰብራለች። በአቆጣጡም ቀናችበት።

ሰኞ ጠዋት ከአረጋውያን ቤቱ በቀጥታ ኮሌጅ ሄደች፣ ጫማዋ ላይ የገንፎ ጠብታ እንዳለ። የመጀመሪያ ቀን ግድግዳው ጋ መቆም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ጆቬሊንም ያንን ሙያ ጨርሳለች። ከበሩ አጠገብ አይቆምም፣ የሚወጣ ይመስላል። ከጥቁር ሰሌዳው በኩል ይቆማል፣ መምህሩ ቀና ሲል መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው። ደብተር ይከፈታል። ስልክ አይነካም። ዛሬ ግድግዳው ላይ ከሷ ሌላ የመንሸራተቻ ሰሌዳ የታቀፈ አንድ ረጅም ወጣትና የሕፃን ጡጦ ከቦርሳዋ የሚታይ አንዲት ሴት አሉ። ረንዴል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ማጅራቱን ብቻ ታያለች፣ አዲስ ተላጭቷል። ዶክተር ፓርቲባን መነጽሩን አውርዶ ስም መጥራት ጀመረ፣ ሁሉም አለሁ ይላል፣ እያንዳንዱ አለሁ አንድ የተያዘ ወንበር ነው። ረንዴልም አለሁ አለ። መጨረሻ አካባቢ፣ «ኦስቫልዶ ኬሳዳ» አለ መምህሩ። ማንም አልመለሰም። «ኬሳዳ?»

«ሳክራሜንቶ ገባ እኮ» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «የሴት ጓደኛውን ተከትሎ።»

«ፊዚክስ እንዲህ ነው የሚሸነፈው» አለ ዶክተር ፓርቲባን፣ አንድ ነገር ሰረዘና ቀና አለ። ወደ ግድግዳው ተመለከተ። «አንድ ወንበር አለኝ። እናንተ ሦስት ናችሁ። ማነው ቀድሞ የመጣው?»

«እኔ» አለ መንሸራተቻ ሰሌዳ የታቀፈው ልጅ፣ ፈጥኖ እጁን እያወጣ። «በሩ ሳይከፈት ነው የደረስኩት። የጽዳት ሠራተኛውን ጠይቁት።»

ጆቬሊን አፏን ከፈተች። እውነት ነው፣ ስትደርስ እዚያ አግኝታዋለች። የተከፈተ አፏን መልሳ ዘጋችው፣ ደብተሯን ልትከድን እጇን አነሣች።

«እሷ ናት» አለ ረንዴል ከሁለተኛው ረድፍ፣ ወደ ኋላም ሳይዞር። «ከስድስት ዓመት በፊት ነው የመጣችው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተር ፓርቲባን ራሱ ሳቀ፣ መነጽሩን አድርጎ ትክ ብሎ አያት፣ ከዚህ በፊት ያየው ፊት መሆኑን ያስታወሰ መሰለ። ረጅሙ ልጅ እየሳቀ እጁን አወረደ፣ «እሱንስ አልችልም፣ እመቤቴ፣ ግቢ» አላት። ጡጦ የያዘችው ሴት ብቻ አልሳቀችም፤ ቦርሳዋን ዘግታ ወጣች፣ ጆቬሊንም ያንን ጀርባ ታውቀዋለች፣ የራሷ ነበር።

ተቀመጠች። ወንበሩ ከረንዴል ኋላ ነው፤ ጆሮው ቀልቷል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ገና አልጨረሰውም ሳቁን። ይቅር አላት ወይስ ሰደባት፣ ወይስ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ፤ አጠገቡ ያለችው ልጅ በአድናቆት ታየዋለች። ስድስቱ ዓመት የጆቬሊን ነው። ግድግዳው የጆቬሊን ነው። ያችን መልስ ከብርድ ልብሱ ሥር ስንት ቀን ስትገላበጥ ልታገኛት ሲገባ፣ አፏ ድረስ መጥታ ሳለች፣ ሳቁን እሱ ወሰደው። ቅናቷ ተመለሰ፣ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ፣ እንደ ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ዶክተር ፓርቲባን ዞሮ የመጀመሪያውን ቀመር ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረ። ጆቬሊን በረንዴል ትከሻ ላይ አሻግራ አየች፤ ልጁ ገና እርሳስ ይፈልጋል። እሷ ቀድማ ጻፈች።